«ጃን ቡራስካ»ን በአማርኛ ሰብታይትል፦ ጊዜው ይዛነፋል፣ ዘፈኖቹም አይገቡልኝም

ጀማሪ ተርጓሚ፦
ሰላም ወገኖች። የጣሊያኑን «ኢል ጆርናሊኖ ዲ ጃን ቡራስካ» («የጃን ቡራስካ ማስታወሻ ደብተር») የቴሌቪዥን ሙዚቃዊ ድራማ በአማርኛ ሰብታይትል እየሠራሁለት ነው። ሪታ ፓቮኔ የምትጫወትበት፣ በሊና ቬርትሙለር የተዘጋጀው ባለ 8 ክፍሉ፣ ጥቁርና ነጩ። ሦስት ነገር አስቸግሮኛል።

አንደኛ፣ ጊዜው። የጣሊያንኛውን የሰብታይትል ፋይል እንደ መነሻ ወስጄ ትርጉሙን በላዩ ጻፍኩ። መጀመሪያው ላይ ልክ ነው፤ እየቆየ ግን ጽሑፉ ከድምፁ ኋላ ይቀራል፤ አንድ ሰዓት አካባቢ ሲደርስ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ዘግይቷል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደፊት ስገፋው መጨረሻው ይስተካከልና መጀመሪያው ይበላሻል።

ሁለተኛ፣ ዘፈኖቹ። «ቪቫ ላ ፓፓ ኮል ፖሞዶሮ»ን «የዳቦና የቲማቲም ሾርባ ለዘላለም ይኑር» ብዬ ጻፍኩት። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ከዜማው ጋር ግን አይሄድም። የልጆች መዘምራን በአማርኛ እንዲዘፍኑት የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ።

ሦስተኛ፣ ስሞቹና አጠራሩ። ልጁ አክስቱን «አንቺ» ይበል ወይስ «እርስዎ»? ቅጽል ስሙ ይተርጎም ወይስ ይቆይ?

ሃያ አምስት ፍሬም፦
የመጀመሪያውን ልመልስ። ያልከው ቁጥር ችግሩን ራሱ ይናገራል። በአንድ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ተኩል መዛነፍ ማለት 4 በመቶ ከምናምን ነው፤ ይህም በሰከንድ 25 ፍሬም እና በሰከንድ 23.976 ፍሬም መካከል ያለው ልዩነት ነው (ፍሬም ማለት ቪዲዮው የተሠራበት አንድ ነጠላ ምስል ነው)። 25ን ለ23.976 ስታካፍል 1.0427 ይመጣል፤ በ60 ደቂቃ ላይ ሲሰላ 2 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ገደማ ይሆናል።

የጣሊያን ቴሌቪዥን በሰከንድ 25 ፍሬም ነው የሚሠራው፤ አንተ የያዝከው ቪዲዮም በትክክለኛው ፍጥነቱ ያለ ይመስላል። የሰብታይትል ፋይሉ ግን ወደ 23.976 በተዘገየ ቅጂ ላይ የተሠራ ነው። ስለዚህ መግፋት አይደለም የሚያስፈልግህ፤ ማጥበብ ነው። እያንዳንዱ ሰዓት በ0.959 መባዛት አለበት። «ሰብታይትል ኤዲት» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የፍሬም መጠን መቀየሪያ አለው፤ «ከ» በሚለው 23.976፣ «ወደ» በሚለው 25 አስገባ። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው መግፋት የሚገባው፤ የሚቀረው ቋሚ ልዩነት ከመክፈቻው መቆረጥ የመጣ ስለሆነ አንዴ ሲገፋ ይስተካከላል። ቅደም ተከተሉን ካገላበጥከው የገፋኸው መጠንም አብሮ ይባዛና በጥቂቱ ይስታል።

ሌላው መንገድ በሁለት ነጥብ ማስተካከል ነው፦ የመጀመሪያውን ንግግር እና የመጨረሻውን ንግግር ትክክለኛ ሰዓት ትሰጠዋለህ፣ መሃሉን ፕሮግራሙ ያሰላዋል። ለመጨረሻው ነጥብ ዘፈን አትምረጥ፤ ተደጋጋሚ አዝማች ላይ የትኛው ዙር እንደሆነ መሳሳት ቀላል ነው። በር ሲዘጋ ወይም ስም ሲጠራ ያለ አጭር ንግግር ይሻላል።

በሰከንድ 29.97 ፍሬም የተለወጠ ቅጂ ካጋጠመህ አትደንግጥ። እሱ ፍሬም እየደጋገመ ነው የሚለወጠው፤ ርዝመቱ አይቀየርም፤ ሰዓቱን አትንካው።

ዘፈን ለሚያስተምር ሰው ደግሞ ይህ ፍጥነት ከጽሑፉ በላይ ያሳስባል። ወደ 23.976 የተዘገየ ቅጂ ድምፁም ይወርዳል፤ ከግማሽ ቶን ሦስት አራተኛ ያህል። የፓቮኔን ድምፅ ከዘፈኑ ሸክላ ቅጂ ጋር አስተያይተህ ዝቅ ያለና የከበደ ከሆነ ቅጂው የዘገየ ነው። ፒያኖ የሚመታ ሰው በዚያ ቅጂ ላይ ቁልፉን ሲፈልግ በሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቅበታል፤ መዘምራኑ ጥፋተኛ ይመስላቸዋል፣ አይደሉም።

ስለ ፊደሉ። ፋይሉን የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 አስቀምጥ፤ ግዕዝን በማይዝ ሌላ አቀማመጥ ከተቀመጠ አማርኛው በሙሉ ጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ እሱ ደግሞ አይመለስም፣ ጽሑፉ ጠፍቷል ማለት ነው። ጥያቄ ምልክት ሳይሆን ባዶ ሣጥን ከታየህ ግን ጽሑፉ ደህና ነው፤ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አጥቶ ነው። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ወይም «አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል»ን ቪዲዮና ሰብታይትል አብሮ በሚይዘው በኤም ኬ ቪ ፋይሉ ውስጥ አብረህ ብትከተው የትም ይታያል።

የመስመር ርዝመትን ከላቲን አትቅዳ። ለላቲን የተለመደው ወሰን በመስመር 42 ሆሄ ነው። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢ ይዞ ስለሚመጣ፣ ቅርጹም ሰፊ ስለሆነ በመስመር ከ24 እስከ 26 ፊደል፣ ከሁለት መስመር ሳይበልጥ፣ በሰከንድ ከ9 እስከ 10 ፊደል እንዲነበብ አድርገህ ሥራው። «እንደማይመለሱላቸውም» ብቻውን 12 ፊደል ነው፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ቃላት አንድ መስመር ይጨርሳሉ። ለልጆች ከሆነ በሰከንድ ወደ 7 አውርደው። አንድ ጽሑፍ ከ7 ሰከንድ በላይ አይቆይ፣ ከአንድ ሰከንድ ብዙ አይነስ፤ በሁለት ጽሑፎች መካከል ሁለት ፍሬም፣ ማለትም 80 ሚሊ ሰከንድ፣ ክፍት ተው። ይህች ክፍተት ከሌለች ዓይን ጽሑፉ መቀየሩን ሳያይ ያልፈዋል።

የዘፈን መስመሮችን ሰያፍ አታድርጋቸው። ግዕዝ ሰያፍ ቅርጽ የለውም፤ ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለውን ያጋድለውና «ሀ»ና «ሁ»ን ለመለየት እንኳ ያስቸግራል። በመስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ የኖታ ምልክት ይበቃል።

ሰንጎ መገን፦
ወደ ዘፈኑ ልምጣ። እዚህ ጋ ለአማርኛ ዕድለኛ የሆነ ነገር አለ።

አዝማቹ ሲዘፈን «ፓ» እና «ፖ» ይደጋገማሉ፤ ድግግሞሹን ተውና መሠረቱን ሐረግ በቀለም፣ ማለትም አንድ ላይ በሚወጣ የድምፅ ክፍል፣ ቁጠረው፦ ቪ-ቫ-ላ-ፓፕ-ፓ አምስት፣ ኮል-ፖ-ሞ-ዶ-ሮ አምስት። መሃል ላይ ግልጽ ማረፊያ አለው። አምስት በአምስት ማለት ሰንጎ መገን ነው! ኒኖ ሮታ ዜማውን የሠራበት የቃል ልክ እና የእኛ ነባር የግጥም ልክ አንድ ላይ ገጠሙ። «የዳቦና የቲማቲም ሾርባ ለዘላለም ይኑር» ግን ከአሥር ቀለም በላይ ነው፣ ማረፊያውም አልታወቀም፤ ከዜማው ጋር ያልሄደው ለዚህ ነው።

ስትቆጥር ፊደል አትቁጠር። ድምፁ የማይወጣ ሳድስ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር አንድ ቀለም ይሆናል፦ «ሾርባው» አራት ፊደል፣ ግን ሾር-ባው፣ ሁለት ቀለም። በጣሊያንኛው በኩል ደግሞ አንድ ቃል በአናባቢ ሲጨርስና ቀጣዩ በአናባቢ ሲጀምር ሁለቱ ተውጠው እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ይህን ያላወቀ ሰው በየመስመሩ አንድ ወይም ሁለት ቀለም አብዝቶ ይቆጥርና አማርኛውን ያለምክንያት ያስረዝማል።

የእኔ ሐሳብ፦ «እልል ለሾርባው፣ ባለቲማቲም»። እ-ልል-ለ-ሾር-ባው፣ ባ-ለ-ቲ-ማ-ቲም። በጣሊያንኛው ምት የሚያርፍባቸው ቀለሞች 4ኛው (ፓፕ) እና 9ኛው (ዶ) ናቸው፤ በአማርኛው 4ኛው «ሾር»፣ 9ኛው «ማ» ነው። የሁለቱም አናባቢ ሊጎተት ይችላል።

ከአዝማቹ ወጥተህ ወደ ስንኞቹ ስትገባ ግን ልኩ ይቀየራል። ታሪክ ያስተማረን የተራበ ሕዝብ እንደሚያምፅ ነው በሚለው ክፍል ሦስቱ መስመሮች ሰባት ሰባት ቀለም ናቸው፤ አራተኛው ስድስት ሆኖ በጠንካራ ቀለም ይዘጋል። ቬርትሙለር «ሪቮሉትሲዮኔ» ከሚለው ቃል የመጨረሻዋን «ኔ» ቆርጣ «ሪቮሉትሲዮን» ያደረገችው ለዚሁ ነው፤ ዜማው በ«ዮን» ላይ እግሩን መትቶ ይቆማል። በአማርኛ «አብዮት» እዚያው ቦታ ላይ በራሱ ድምፅ ይገባል፤ «ዮን» በነበረበት «ዮት»። «ያፈነዳል አብዮት» ብትል ያ-ፈ-ነ-ዳል-አብ-ዮት፣ ስድስት ሞላ፤ አብዮት የሚፈነዳ መሆኑም የቋንቋችን አነጋገር ነው። ሦስቱን ባለሰባት መስመሮች ግን በሰንጎ መገን ለመጨረስ አትሞክር፤ ዜማው ባዶ ቦታ ይተርፈዋል፣ ልጆቹም በ«እኮ» እና በ«ደግሞ» ይሞሉታል።

አንድ ነገር ለይ፦ የሚነበብ ሰብታይትል እና የሚዘፈን ግጥም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሚነበበው ሐሳቡን ያድርስ፣ አጭር ይሁን። ቤት መምታት ግዴታው አይደለም፤ ቤት ለማስመታት ሲባል ትርጉም ከተጣመመ ተመልካቹ ምስሉና ጽሑፉ ሲጣሉ ያያል። የሚዘፈነው ልክና ማረፊያ ይጠብቅ፤ ለሱ ሲባል አንድ ሁለት ቃል ቢለወጥ ይፈቀዳል። ሁለት ፋይል ሥራ።

ቤተ ቃላት፦
ሦስተኛውን ልውሰድ፤ «ሰንጎ መገን» ካለውም ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ።

ልጁ ጃኒኖ ስቶፓኒ ነው። «ቡራስካ» የባሕር ወጀብ ማለት ነው፤ ባለበት ሁሉ ስለሚያናውጥ የወጣለት ስም። ርዕሱ ላይ «ጃን ቡራስካ» ይቆይ፤ ሰው ሲፈልገው የሚያገኘው በዚያ ነው። በውስጥ ግን ትልልቆቹ ሲቆጡት «ወጀቡ!» ቢሉት ስሙ ሥራውን ይሠራል። «ጃን»ን ብቻውን ደጋግመህ አትጻፍ፤ የአማርኛ አንባቢ ጆሮ ጃንሆይንና ጃን ሜዳን ስለለመደ ማዕረግ ይመስለዋል። «ጃኒኖ» በል።

ፆታ ላይ ተጠንቀቅ። ፓቮኔ የተወለደችው በ1945 ነው፤ ድራማው ሲሠራ 19 ዓመቷ ነበር፤ የምትጫወተው ግን የ9 ዓመት ወንድ ልጅ ነው። በጆሮ ብቻ የሚተረጉም ሰው፣ ወይም ማሽን፣ የሴት ድምፅ ይሰማና «የት ሄደሽ ነበር» ብሎ ያስገባል። አማርኛ በአንደኛ መደብ ፆታ ስለማይለይ ልጁ ስለራሱ ሲናገር ስህተቱ አይታይም፤ ሌሎች ሲያናግሩት ወይም ስለሱ ሲያወሩ ነው የሚወጣው። ሥራህን ስትጨርስ በ«ሽ» የሚያበቁ ግሦችን በሙሉ ፈልግና ለማን እንደተባሉ አንድ በአንድ አረጋግጥ። እናትና ሦስቱ እህቶች፣ አዳ፣ ሉዊዛና ቪርጂኒያ፣ ስላሉ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ መቀየር አይቻልም።

አጠራሩ እንዲህ ቢሆን ይበጃል፦ እናቱን «እማዬ» እና «አንቺ»፣ አባቱን «አባዬ» እና «አንተ»፣ አክስቱን ቤቲናን «እርስዎ»፣ የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ዳይሬክተሮች ስታኒስላኦንና ሚስቱን ጀልትሩዴን «እርስዎ»። ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ ሲጽፍ ግን ስለ አክስቱ «መጣች፣ ተቆጣች» ይበል፣ «መጡ፣ ተቆጡ» አይበል። ድራማው የተሠራበት የቫምባ ልቦለድ የቆመው ልጁ በአፉ በሚለውና በደብተሩ በሚጽፈው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው፤ አማርኛ ይህን ክፍተት በአንቱታ ብቻ ማሳየት ይችላል፤ ጣሊያንኛው እንኳ በሦስተኛ መደብ ይህን ያህል አይችልም። ለምሳሌ የአክስቱን ተክል በየቀኑ ከሥር በዱላ እየገፋ ያደገ የሚያስመስልበትን ውሰድ፦ ፊት ለፊት «አዩት አክስቴ፣ አደገልዎ»፤ በደብተሩ «አመነች»።

የግሥ ቦታም አለ። ጣሊያንኛ ግሡን ቀድሞ ይናገራል፣ አማርኛ መጨረሻ ላይ። አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሰብታይትል ስትከፍለው የመጀመሪያው ጽሑፍ ግሥ አልባ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ሥራው ግን በምስሉ ላይ አልፏል። ለሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ሰብረው፤ እያንዳንዱ የራሱ ግሥ ይኑረው።

በልቦለዱ ውስጥ ተርጓሚን የሚያስጨንቅ አንድ ቦታ አለ። ተማሪዎቹ ዳይሬክተሩን «ካልፑርኒዮ!» እያሉ ይጮኹበታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ111 የሮም ቆንስል የነበረው ሰው ሙሉ ስሙ ሉኪዩስ ካልፑርኒዩስ ቤስቲያ ነው፤ «ቤስቲያ» እንስሳ፣ አውሬ ማለት ነው። ላቲን የተማረ ሁሉ ስድቡን ይሰማዋል፤ «ካልፑርኒዮ» ብሎ ብቻ ለሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ ግን ምንም አይደለም። መፍትሔው ላቲን ለነሱ የሆነውን ግዕዝ ለእኛ እንዲሆን ማድረግ ነው፦ ነገሩ መጀመሪያ ሲነሣ «ካልፑርኒዮስ አርዌ» ብለህ ሙሉውን ስጥ፤ ከዚያ በኋላ ጩኸቱ «ካልፑርኒዮስ!» ብቻ ይሁን። «አርዌ» አውሬ መሆኑን ብዙ አንባቢ ይደርስበታል፤ ተማሪዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው፣ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መደበቅ።

የአዳሪ ትምህርት ቤቱን የዓርብ ምግብ «ያለ ሥጋ የተሠራ ሾርባ» አትበለው፤ «የጾም ሾርባ» ነው። ልጆቹ ሾርባው በሳህን እጣቢ እንደሚሠራ ጠርጥረው ሳህኖቹ ላይ አኒሊን የተባለውን ማቅለሚያ ያደርጋሉ፤ ዓርብ ሲደርስ ሾርባው ቀልቶ ይቀርባል። እዚያ ላይ «እጣቢ» የምትለዋን ቃል አታለስልሳት። «ያገለገለ ውኃ» ካልክ ቁጣቸው ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

የቪርጂኒያ ባል የሚሆነው ጠበቃው ማራሊ «ሶሻሊስት» ተብሎ ይተርጎም፣ ሌላ ቃል የለውም። ግን በሱ ዘመን ሶሻሊስት ማለት ሥልጣን የያዘ ወገን አልነበረም፤ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የማይስማማ ተቃዋሚ ነው። ማራሊ በቤተ ክርስቲያን ማግባቱን ልጁ ሲያወጣ ምርጫ ሊያሸንፍ የነበረው ሰው የሚወድቀው ለዚህ ነው። ቀደም ሲል በሚመጣ አንድ ንግግር ውስጥ «ቄስ ፊት የማይደርሰው ማራሊ» የሚል ሐረግ ቢገባ መጨረሻው ይገባል።

አሁን ወደ ሾርባው። «ፓፓ» በትክክል ሾርባ አይደለም። የቶስካና ምግብ ነው፦ የደረቀ ጨው አልባ ዳቦ ተቆርሶ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በበሶብላና በወይራ ዘይት ሲፈላ ዳቦው ይፈርስና ማንኪያ የሚያቆም ይሆናል። «ገንፎ» ካልነው ዱቄት እናደርገዋለን። ለሥራው የሚቀርበው ቃል «ፍትፍት» ነው። በአዝማቹም «ፍትፍት» ይግባ እላለሁ።

ሌላው፣ «እልል» ደስታ ነው፤ «ቪቫ» ግን መፈክር ነው። ዘፈኑ ራሱ የአመፅ መዝሙር ቅርጽ ይዟል፤ ሩዝ የሰለቻቸው ልጆች የሚያሰሙት ጩኸት ነው። ስለዚህ «ትኑር»።

ሰንጎ መገን፦
«ቪቫ» መፈክር መሆኑን እቀበላለሁ፤ «እልል» ወጣ። «ትኑር» ግን ሲዘፈን ይቸግራል። የዜማው የመጀመሪያ ምት «ቪ» ላይ ነው የሚያርፈው፤ «ት» ሳድስ ናት፣ ምቱን አትሸከምም፣ ልጆቹ «ኑር» ላይ ይዘላሉና መስመሩ በአንድ ቀለም ይቀድማል። «ፍትፍት»ም እንዲሁ፤ 4ኛው ቀለም «ፍት» ይሆናል፣ በ«ት» ተዘግቶ ይቆረጣል፣ መጎተት አይቻልም። በሚነበበው ሰብታይትልና በንግግር ውስጥ «ፍትፍት» ይግባ፣ ትክክል ነህ። በሚዘፈነው «ሾርባ» ይቆይ።

ሁለቱን ሳጋጥማቸው ይህ ወጣ፦

«ኑሪልን ሾርባ፣ ባለቲማቲም»

ኑ-ሪ-ልን-ሾር-ባ፣ ባ-ለ-ቲ-ማ-ቲም። «ቪ» በነበረበት «ኑ» ክፍት ሆና ገባች፤ «ፓፕ» በነበረበት «ሾር»፣ «ፓ» በነበረበት «ባ»፣ «ዶ» በነበረበት «ማ»። ጣሊያንኛው በ«ፓ-ፓ-ፖ» ከንፈር ላይ ይጫወታል፤ የእኛው በ«ባ-ባ» ያንኑ ያደርጋል። ሾርባን በአንስታይ መጥራት አማርኛ የሚወደውን ሲያቀርብ የሚያደርገው ነው፤ መፈክሩም ሳይጠፋ ፍቅሩ ተጨመረ።

ቤተ ቃላት፦
«ኑሪልን» ትሻላለች። የኔን ተውት።

የቅጂ ጠባቂ፦
ሁለት አጭር ነገር። መጀመሪያ፣ በዚህ ስም የ1943ና የ1982 ፊልሞችም ስላሉ ፋይል ስትፈልግ አመቱን እይ። የምንነጋገርበት ከዲሴምበር 19 ቀን 1964 እስከ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1965 ቅዳሜ ቅዳሜ የታየው ነው፤ የዘፈኖቹን ቅንብር የሠራው ልዊስ ባካሎቭ ነው።

ሁለተኛ፣ መብት። ቫምባ፣ በእውነተኛ ስሙ ሉዊጂ ቤርቴሊ፣ ያረፈው በ1920 ስለሆነ ልቦለዱ ነፃ ነው፤ ተርጉመህ ብታሳትመው የሚከለክልህ የለም። ድራማውና ዘፈኖቹ ግን አይደሉም። ሮታ በ1979፣ ቬርትሙለር በ2021 ነው ያረፉት፤ በአውሮፓ ሕግ ግጥምና ዜማ አብረው ለተሠሩበት ዘፈን 70 ዓመቱ የሚቆጠረው ኋላ ከሞተው ነው፤ እስከ 2091 መጨረሻ ማለት ነው። በአማርኛ የተሠራው ግጥም መድረክ ላይ ሊወጣ ወይም ሊቀረጽ ከሆነ ከዘፈኑ አሳታሚ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጥያቄውን ስትልክ የአማርኛውን ግጥም ከቃል በቃል ፍቺው ጋር አያይዝ፤ አማርኛ የማያነብ ሰው ምን እንደተለወጠ ማየት ስላለበት ያለ ፍቺው መልስ አይሰጥም።

ጀማሪ ተርጓሚ፦
ከ23.976 ወደ 25 ቀየርኩት፣ ከዚያ 4 ሰከንድ ገፋሁት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጠመ። በ«ሽ» የሚያበቁትንም ፈለግኩ፤ በመጀመሪያው ክፍል ብቻ 11 ቦታ ጃኒኖን ሴት አድርጌው ነበር፣ አሁን ተስተካክለዋል። «ኑሪልን ሾርባ» ገብታለች። ባለሰባት ቀለም ስንኞቹን እንደጨረስኩ እዚሁ አመጣቸዋለሁ፤ እባካችሁ ቁጠሩልኝ።